ከደብዳቤ የተሠራ ጎጆ

ማክሰኞ ጠዋት ጦልሃ ሳጥኑን ይዞ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲ ባለችው ጠባብ ክፍሌ ውስጥ የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ነበር። ጦልሃ አምሳ ዓመት ያለፈው የባጃጅ ሾፌር ነው። በየሁለት ሳምንቱ ከግራር ጫካው ናሙና ያመጣልኛል፤ በመጣ ቁጥርም ሳጥኑን በሁለት ጣቱ ብቻ፣ ከሰውነቱ አርቆ ነው የሚይዘው።

«እንቺ አቦ፣ ትሎችሽን ተቀበይኝ!» አለ ገና ከበሩ።

«አይነክሱም አልኩህ እኮ።»

«አይነክሱም ትያለሽ። ቤታቸውን ተሸክመው የሚዞሩ ነገሮች ምን እንደሚያስቡ ማን ያውቃል? ወላሂ፣ እዚህ አገር አከራይ የሌላቸው እነሱ ብቻ ናቸው።» አንገቱ ላይ በጣላት ፎጣ ላቡን ጠረገ። «ዛሬ ደግሞ ዐብዲ አልነበረም። ቤተሰብ ጠርቶት ከተማ ገብቷል። አብሮት የሚጠብቀው ዮኒስ ነው ያቀበለኝ።»

ሰማሁት፤ ልብ ግን አላልኩትም። ዓይኔ ሳጥኑ ላይ ነበር።

ይህን ሥራ የጀመርኩት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው የግራር ጫካ ውስጥ ጎጆ ተሸካሚ የሚባሉ የእሳት እራቶች አሉ። እጭ ሳሉ ከራሳቸው ሐር ከረጢት ይሠራሉ፤ ከረጢቱንም ባገኙት ነገር፣ በስንጥር፣ በእሾህ፣ በቅጠል ቁራጭ፣ በአሸዋ ይለብጡታል። እያደጉ ሲሄዱ በአፉ በኩል እየጨመሩ ያስረዝሙታል። የትኛው ከየትኛው ዘር እንደሆነ ለመለየት አንዱ መንገድ የጎጆውን አሠራር ማየት ነው። እኔ የምሠራው ይህን ነበር፤ ማየት፣ መለካት፣ መለየት፣ መመዝገብ። ባለቤቴ ሽመክት ካረፈ ዓመት አልፎ ነበር፤ ከሰው ጋር ብዙ የማያነጋግር ሥራ ፈለግሁ።

ጫካው ውስጥ ግን ዐብዲወሊ ነበር።

ዐብዲወሊ፣ ሁላችንም ዐብዲ የምንለው፣ የደን ጥበቃ ነው። አባቱ ሲሞት ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥቶ ቀረ እንጂ፣ በቁም ነገር ከሚያስተውሉ ተማሪዎቼ ሁሉ ይበልጣል። ጎጆዎቹ በየትኛው ቅርንጫፍ፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚገኙ ያስተማረኝ እሱ ነው። ሳይንሳዊ ስማቸውን እስክናረጋግጥ ድረስም ስም አወጣንላቸው፤ ስንጥር ጫኝ፣ እሾህ ጫኝ፣ አሸዋ ለባሽ። እያንዳንዱ ናሙና ትንሽ መለያ ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ ቀኑ፣ ዛፉ፣ ቦታው፣ የሰብሳቢው ስም። ይህን ካስተማርኩት ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ መለያ ወረቀት ገልብጬ ባይ በጀርባው እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ይህን ያገኘሁት ዝናብ ካባራ በኋላ ነው። ብታዪው ደስ ይልሽ ነበር።»

እኔም በሚቀጥለው ባዶ ሳጥን መልስ ላክሁ። ከመለያ ጀርባ ወደ ግማሽ ገጽ፣ ከግማሽ ገጽ ወደ ሙሉ ደብዳቤ ሄድን። ጫካው ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ሳቢያን ሰፈር ያለው ቤታቸው ሲገባ ደግሞ የእሱን ስልክ የማያነሳ የቤተሰብ አባል የለም። ወረቀት ይሻለን ነበር።

አንድ ጊዜ አብረን ቅርንጫፍ ስንመረምር፣ «የስንጥር ጫኟ ሴቷ ዕድሜዋን ሙሉ ከጎጆዋ አትወጣም ያልሽኝ እውነት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ክንፍ የላትም።»

«ታዲያ እንዴት ነው የምታገባው?»

«ወንዱ ክንፍ አለው። እሱ ይመጣል።»

«እንግዲህ» አለ ፊቱን ወደ ቅርንጫፉ አዙሮ፣ «መምጣት የወንዱ ሥራ ነው ማለት ነው።»

ከዚህ አላለፍንም። ለሰላምታ እንኳን እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል እንጂ ጨብጦኝ አያውቅም። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፤ የምኖረው ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ሠራተኛ የነበሩት የሽመክት አባት በተዉት ቤት፣ ከአማቴ ከእማማ አስካለማርያም ጋር ነው። እሳቸው ከእኔ በቀር ሰው የላቸውም። እሱ ሶማሌ ነው፣ ሙስሊም ነው፤ እናት አለው፣ ጎሳ አለው። ሁለታችንም እናውቀው ነበርና አናነሣውም።

ጥቅምት ላይ ታላቅ ወንድሙ ሳላሕ የጅቡቲ መንገድ ላይ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ሚስቱን ኢዲልንና ሁለት ሴት ልጆች ትቶ ሄደ። በእነሱ ባህል ወንድም ሲሞት ሚስቱን ወንድሙ ያገባል፤ ዱማል ይሉታል። ሴቲቱ የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳዋን፣ የሐዘን ጊዜዋን፣ እስክትጨርስ ይጠበቃል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጣል። በጥር መጨረሻ የጻፈልኝ ደብዳቤ አጭር ነበረች። «በየካቲት አጋማሽ ይቀመጣሉ። አንቺ አንድ ቃል ካልሽኝ እምቢ እላቸዋለሁ። ካላልሽኝ አልቀየምም።»

ሦስት ቀን ያዝኳት። በአራተኛው ቀን ሁለት ገጽ ጻፍኩ። እምቢ በላቸው ብዬ ጻፍኩ። በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ለማንም ጽፌ የማላውቀውን ጻፍኩ።

እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት ከሳጥኑ የምፈልገው የዚያን ደብዳቤ መልስ ነበር።

ጥጡን አነሣሁት። አሥራ አራት የክብሪት ቀፎዎች። አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። የታጠፈ ወረቀት የለም። በዘጠነኛው ቀፎ ውስጥ ያለው ጎጆ ግን ከሌሎቹ ይለያል። የትንሿን ጣቴን ግማሽ ቢያህል ነው። ከወገቡ በታች የተለመደ የግራር ስንጥር፤ ወደ አፉ በኩል ግን ነጭ ነገር እንደ ቆርቆሮ ክዳን ተደራርቦበታል። ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ።

አጉሊ መነጽሩን ሳብኩ። አንዱ ቁራጭ ላይ «ራቸዋ» ይላል። ሌላው ላይ «እማማ» ይላል። የእኔ «ማ» እግሯ ወደ ውጭ ትከፈታለች፤ ሽመክት በሕይወት ሳለ ይስቅባት ነበር። ጽሑፉ የማን እንደሆነ ለመለየት መነጽር አላስፈለገኝም።

ቀዶ ጥሎታል ብዬ አሰብኩ። ደብዳቤዬን ቀዶ ከግራሩ ሥር በትኖት፣ ትሉ ለቅሞ ለበሰው።

«ምነው?» አለ ጦልሃ ከበሩ። «ሞቷል እንዴ?»

«አልሞተም» አልኩት፤ ቀፎውንም ዘግቼ በመዳፌ ሸፈንኩት።

*

በማግስቱ ይህን ጽፌ ለጦልሃ ሰጠሁት፦

«ለአቶ ዐብዲወሊ። የላኩልን ናሙናዎች ደርሰዋል። የመለየቱ ሥራ ስለተጠናቀቀ ከእንግዲህ መላክ አያስፈልግም። ስላደረጉልን ትብብር እናመሰግንዎታለን። ኑኃሚን ክፍሉ።»

አንተና አንቺ ስንባባል ሦስት ዓመት ሆኖናል። «እናመሰግንዎታለን» የሚለውን ስጽፍ አላመነታሁም። እንዲያውም ንጹሕ ሥራ የሠራሁ ያህል ቀዝቃዛ እርካታ ተሰማኝ። አሁን ሳስበው አፍርበታለሁ።

ቤት ስገባ እማማ አስካለማርያም በረንዳው ላይ እግራቸውን ዱካ ላይ ዘርግተው ሬዲዮ ይሰማሉ። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ከበረንዳው ብዙም አይርቁም።

«ትሎችሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው፣ እማማ።»

«ትናንት ምሳ አልበላሽም። ዛሬም ሳህንሽ እንደተከደነ ነው።»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱማ ድሬ ከተቆረቆረች ጀምሮ አለ። ዛሬ አልመጣም» አሉና ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት። ሌላ ነገር እንድናገር የጠበቁ መሰለኝ። ወደ ውስጥ ገባሁ። ሳሎኑ ውስጥ ሽመክት ከግድግዳው ላይ ያየኛል። በዚያ ቤት ውስጥ ለሁለት ሰው ጥፋተኛ መሆን የጀመርኩ ያን ቀን ነው፤ ለሞተው ስለጻፍኩት ደብዳቤ፣ ለራሴ ስለተቀደደው።

ያን ጎጆ ልጥለው አልቻልኩም። አፉ ሰፊ ብልቃጥ ውስጥ የግራር ቅጠል አድርጌ አኖርኩት። ናሙና ያለ መለያ አይቀመጥምና መለያም ጻፍኩለት። ቀን፣ የካቲት። ዛፍ፣ አይታወቅም። ሰብሳቢ የሚለውን ባዶ ተውኩት። ወረቀቷን ብልቃጡ ውስጥ አስገብቼ መስኮቱ ዳር አስቀመጥኳት፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ በኩል እንዳላይ ጀርባዬን ሰጥቼ መሥራት ለመድኩ።

አሥራ አንደኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። ግቢው ጭር ብሏል። ቅጠሉ ደርቆ ስለነበር ልቀይርለት ብልቃጡን አነሣሁ።

እጩ ጥቁር ራሱን ከጎጆው አፍ አውጥቷል። መለያ ወረቀቷን ጠርዟን በመንጋጋው ይዟታል። እንደ ልብስ ሰፊ፣ ሳይቸኩል፣ ግማሽ ክብ አድርጎ ሲቆርጣት አየሁ። ቁራጩ ሲለቀቅ ወደ ራሱ ሳበው፣ ከአንገቱ ሥር አዞረው፣ በሐሩ ሰፋው። «አይታወቅም» ከሚለው ቃል «አይ» የሚለው ጎጆው ላይ ወጣ።

ተቀመጥኩ። ከዚያ ጎጆውን በወረንጦ ይዤ ከመነጽሩ ሥር አደረግሁት። ሰው የቀደደው ወረቀት ጠርዙ ይንጨባረራል፣ ጭረቱ ወደ ውጭ ይወጣል። እነዚህ ጠርዞች ግን በሙሉ ግማሽ ጨረቃ ናቸው፤ በጥርስ የተቆረጡ ናቸው። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር ነው፤ ስም ከመስጠታችሁ በፊት ጠርዙን እዩ። እኔ ያየሁት ጽሑፉን ነው።

ከዚያ የረሳሁት ሁሉ ተራ በተራ መጣ። አምና በአንዱ ደብዳቤው፣ «ወረቀቶችሽን ማንም እጁን በማያስገባበት ቦታ ነው የማስቀምጣቸው» ብሎኝ ነበር። ያ ቦታ እጮቹን የሚያሳድግበት የወተት ጣሳ ነው፤ ጓደኞቹ ክዳኑን ለመንካት እንኳን ይጠየፋሉ። ጣሳውን እኔ አውቀው ነበር። ያን ማክሰኞም ዐብዲ አልነበረም፣ ዮኒስ ነው ያቀበለኝ ብሎ ጦልሃ ነግሮኛል። ዮኒስ እየተጠየፈ ከጣሳው ያገኘውን ለቃቅሞ ላከ። ዐብዲወሊ ያን ጎጆ አላየውም። ደብዳቤዬን አልቀደደም። ደብቆት ነው።

ስልኬን አንሥቼ ጦልሃን ጠራሁት። የካቲት አጋማሽ አልፏል፤ ደስታውና ፍርሃቱ አንድ ላይ መጡብኝ።

*

«ዛሬ ደግሞ ራስሽ? ትሎቹን ቀጥረሻቸው ነው?» አለ ጦልሃ፤ ፊቴን በመስታወቱ ሲያይ ግን ዝም ብሎ ነዳ። ሳቢያንን አለፍን። ደረቁን ወንዝ ተሻገርን። ባጃጁ አሸዋው ላይ ሲንሸራተት የምለውን በልቤ እደጋግማለሁ። ተሳስቻለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው እውነቱ። ተሳስቻለሁ።

ከጥበቃ ቤቷ ፊት ለፊት፣ ከትልቁ ግራር ሥር፣ አንዲት ሴት ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። አንዲት ሕፃን ጭኗ ላይ ተኝታለች። ሌላዋ፣ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከአፈሩ ላይ የወደቁ ጎጆዎች እየለቀመች በመጠን ትደረድራለች።

«አንቺ መምህሯ ነሽ» አለችኝ ሴቲቱ።

«በምን አወቅሽ?»

«እዚህ ጫካ መጥታ መንገዱን ትታ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን የምታይ ሌላ ሴት የለችም።» ፈገግ አለች። «ኢዲል ነኝ። ዐብዲ ግመል ገባ ብለውት ወደ ታች ወርዷል። አሁን ይመጣል። ቁጭ በይ እህቴ፣ ሻሂ ጠጪ።»

ከፐርሙዙ የግመል ወተት ያለበት ሻሂ ቀዳችልኝ። ቀጭን ፊት፣ በእንቅልፍ ማጣት የጠቆረ ዓይን። ያንን ዓይን አውቀዋለሁ፤ አራት ዓመት ሙሉ በመስታወት አይቼዋለሁ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። «ስለ ሳላሕ ሰምቻለሁ።»

«አሚን። ነጩን የሐዘን ልብስ ካወለቅሁ ሳምንት ቢሆነኝ ነው።» የተኛችውን ልጅ ፀጉር ዳበሰች። «አንቺም ባልሽ ሞቷል አይደል? ዐብዲ ነግሮኛል። ስለ አንቺ ብዙ ያወራል። ማለቴ ስለ ትሉ።»

ቶሎ ብዬ ፉት አልኩ። ሻሂው አፌን አቃጠለኝ።

«ሐሙስ ሽማግሌ ተቀመጠ» አለች፤ ለእንግዳ ሰው ነገሩን አውጥቶ መናገር የቀለላት ይመስል ነበር። «እሱ እሺ አለ። አላህ ይስጠው። እምቢ ቢል ልጆቼን ጅግጅጋ ላለው ለእነ ሳላሕ ታላቅ ወንድም ሊሰጡብኝ ነበር። እኔን ደግሞ አባቴ ቤት ይመልሱኛል። አራት ወር ከአሥር ቀን ያለቀስኩት ለሳላሕ ብቻ አይደለም። ለእነዚህም ነው። ገና በቁማቸው።»

«እና… አንቺ ትወጂዋለሽ?» አልኩ። ጥያቄው ሳላስበው ነው የወጣው።

በግርምት አየችኝ። «መውደድ ከሳላሕ ጋር ጨርሻለሁ። ዐብዲም አይወደኝም፣ አውቃለሁ። እኔ የምፈልገው ማታ ሦስታችን አንድ በር ዘግተን እንድንተኛ ነው። ሐሙስ ማታ ተኛሁ። ከጥቅምት ጀምሮ የመጀመሪያዬ ነው፣ ወላሂ።»

የስድስት ዓመቷ ልጅ መጥታ አንድ ጎጆ ዘረጋችልኝ። «ይሄ ምንድነው?»

«እሾህ ጫኝ ነው።»

«አይደለም!» አለች። «አጎቴ ዐብዲ ስንጥር ጫኝ ነው ብሎኛል።»

አየሁት። ልክ ናት። ስንጥር ጫኝ ነበር።

ዐብዲወሊ ከታች ሲመጣ ከሩቅ ቆመ። ከወር በፊት ካየሁት ከስቷል። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«መምህርት» አለኝ። ድሮ ኑኃሚን ነበር የሚለኝ።

ኢዲል እሱን አየች፣ እኔን አየች። የተኛችውን ልጅ አቅፋ ተነሣች። «እኛ ጀሪካኑን እንሞላለን» አለች፤ የትልቋን እጅ ይዛ ቁልቁል ወደ ውሃው ሄደች። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብላ አየችን።

«ሥራው አልቋል ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር» አለ ዐብዲወሊ። «ምን አመጣሽ?»

«ጣሳውን ልወስድ ነው። የቀሩትን እጮች።»

ውሸቷ ሳላስባት መጣች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የምለውን አውቅ ነበር።

«ጣሳው ውስጥ ደብዳቤሽ ነበር» አለ። «ሁለቱም ገጽ። ማክሰኞ ከከተማ ስመለስ በልተውታል። ጫፍ ጫፉ ብቻ ቀርቷል። እጄን ራሴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ግን ግድ የለም፣ ቀድሜ በቃሌ ይዤዋለሁ።»

«ዐብዲ፣ ተው…»

አልተወም። ወደ መሬት እያየ፣ ትምህርት ቤት ቃሉን እንደሚወጣ ልጅ፣ ቃል ሳይጎድል ወጣው።

«‹ዐብዲ። አራት ዓመት የሰው ሚስት ሆኜ ኖሬያለሁ፤ ሰውዬው ግን የለም። እንዳትቀየመኝ፣ ቀስ ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። አሁን አስቤ ጨርሻለሁ። እምቢ በላቸው። እማማን እኔ እነግራቸዋለሁ። በየትኛው ቃል እንደምጀምር አላውቅም፤ ቢሆንም እነግራቸዋለሁ። ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ሰዉ፣ ቁጭ ብለን እናወራለን። ከአንተ ጋር ከሆነ ማውራት አልፈራም። መልስ አትጻፍልኝ። ና።›»

ጨረሰ። ነፋስ ግራሩን ሲነካው ጎጆዎቹ ሁሉ ተወዛወዙ።

«መልስ አትጻፍ ብለሻል። ስለዚህ አልጻፍኩም። ለሽማግሌዎቹ እምቢ ብዬ፣ ጨርሼ፣ ራሴ ልመጣ ነበር።»

እኔ ራሴ መልስ አትጻፍ ብዬው እንደነበር እዚያ ቆሜ አስታወስኩ። ከጻፍኩ በኋላ ተጸጽቼ፣ ምናልባት ይጽፍ ይሆናል ብዬ እጠብቅ ነበር።

ከሸሚዝ ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ከዚያ ይሄ መጣ። ይሄን ትል አይበላውም፣ አየሽ፣ እንዳለ ነው። ‹እናመሰግንዎታለን።› ሦስት ቀን አነበብኩት። የተማረች ሴት ናት፣ ስታስበው ከባድ ሆኖባታል፣ ልክ ናት አልኩ። ሐሙስ ሽማግሌዎቹ የቃል ማሰሪያውን ፋቲሓ ቀሩ።»

«ጋብቻውስ፣ ኒካው?»

«የሚመጣው አርብ ነው። እስካሁን ቃል ብቻ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ረጅም ጊዜ አይቶኝ አያውቅም። «አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ ኑኃሚን። ሁለት ደብዳቤ ነው ያለኝ፤ ሁለት ሰው የጻፋቸው ነው የሚመስሉት። ያንቺ የትኛው ነው?»

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። ተሳስቻለሁ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ከዚያ እሱ ሳቢያን ይሄዳል፣ ቃሉን ይመልሳል፤ አውቀዋለሁ፣ ያደርገዋል። ቁልቁል አየሁ። ኢዲል ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ ብላለች። ትልቋ ልጅ የእናቷን ልብስ ጫፍ ይዛለች፤ ውሃ ለመቅዳት አይደለም፣ ዝም ብላ ይዛለች።

«ሁለተኛው» አልኩ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«መለየት ሥራዬ ነው፣ ዐብዲ። አልሳሳትም።»

አመነኝ አላመነኝ ፊቱ ላይ ላነብ ሞከርኩ፤ አልቻልኩም። ወረቀቱን በእጥፋቱ መልሶ አጠፈው፣ ኪሱ ከተተው። ጣሳውን አምጥቶ ሰጠኝ። ስቀበለው ጣቶቹ ጣቶቼን ነኩ። በሦስት ዓመት ውስጥ የነካኝ ያኔ ብቻ ነው፤ ሁለታችንም ቶሎ አልለቀቅንም።

«እሺ» አለ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

ለኢዲል ብዬ ነው ያደረግሁት ብል ሰው ያመሰግነኝ ይሆናል። እውነቱን ለመናገር ፍርሃትም ነበረበት። ከሁለቱ የትኛው እንደሚበልጥ ባጃጁ ውስጥ መንገዱን ሁሉ መዘንኩት፤ ጦልሃም አንድም ቀልድ ሳይናገር ነዳ።

*

ከዚራ ስደርስ ገና ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። እማማ አስካለማርያም በረንዳው ላይ ናቸው።

«ቅዳሜም ሥራ?» አሉኝ።

«ጨረስኩ፣ እማማ። ከእንግዲህ የለም።»

ይህን ብዬ ወደ ቤት መግባት ነበረብኝ። እግሬ እምቢ አለ። ጣሳውን ይዤ ደረጃው ላይ፣ ከእግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ። ከዚያ ለቅሶው መጣ። ድምፅ ያለው፣ ጎረቤት የሚሰማው፣ ያልተማረ የሚባል ዓይነት ለቅሶ። ልይዘው ሞከርኩ፤ ባሰ።

እማማ ጎንበስ አሉ። ራሴን ወደ ጉልበታቸው ሳቡት። የሚያማቸው ጉልበት ነው፤ ላነሣው ስል ተጫኑኝ።

«ሽመክት ሲቀበር ጥርስሽን ነክሰሽ ቆምሽ» አሉ። «አራት ዓመት ጠበቅሁሽ።»

«እማማ፣ ይሄ…» አልኩ። ሊሸከሙት የማይችሉትን ነገር እንዳልነግራቸው ፈራሁ፤ በልጃቸው ስም እንዲያጽናኑኝ ደግሞ አልፈለግሁም። «ይሄ ለሽመክት አይደለም።»

እጃቸው ፀጉሬ ላይ አልቆመም።

«አውቃለሁ» አሉ። «የደከመው ጉልበቴ ነው፣ ዓይኔ ያያል። ያ ሳጥን በሚመጣበት ማክሰኞ እያንጎራጎርሽ ነበር የምትገቢው። አንድ ቀን ትነግሪኛለሽ ብዬ ዝም አልኩ። ዛሬ ነገ ስትይ ልጄ፣ እኔም አረጀሁ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸው ደረቅ ነበር።

«በጸሎቴ አነሣው ነበር» አሉ። «ስሙን ስለማላውቅ፣ ያ ሰው፣ ያን ሰው ጠብቀው እል ነበር። ክርስቲያን ይሁን እስላም አልጠየቅሁም። ልጄን በሳቋ የመለሰልኝን ሰው ምን ብዬ ልጠይቅ?» ፊቴን በነጠላቸው ጠረጉ። «ሄደ?»

«ሄደ።»

«ስሙ ማነው?»

በዚያ በረንዳ፣ በዚያ ቤት፣ ድምፄን አውጥቼ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ጊዜ ሞክሬ በሦስተኛው ወጣልኝ።

«ዐብዲወሊ» አልኩ።

«ዐብዲወሊ» አሉ እማማ፤ ለአፋቸው አዲስ ነውና ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል፣ እንዳይጠፋባቸው ደገሙት።